የኮምፒውተሩ ግላስ

በቀል ሲባል ዱላና ጥይት ብቻ የሚመስላችሁ ልጆቼ፣ እታለማሁ የባሏን ወንድም በላፕቶፕ ቦርሳ ነው የቀጣችው። ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።

ባሏ ዓለምነው በኛ በቆሰበር ዳርቻ ስሙ የሚጠራ ፈረሰኛ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታመመና ሞተ። በለቅሶው ቀን ዳማ ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ከኮርቻው በላይ የሚለብሰውን ቀይና ቢጫ ጥልፍ ያለበትን ጨርቅ፣ ግላሱን ለብሶ፣ በታናሽ ወንድሙ በደርበው እየተሳበ በለቀስተኛው መካከል ዞረ። ሲመሽ ኮርቻውንና ግላሱን ከሟች ቤት አራገፉ። ፈረሱን ግን ደርበው ለሰልስቱ አመጣዋለሁ ብሎ ይዞት ሄደ። ሰልስቱም አለፈ፣ አርባውም ወጣ፤ ፈረሱ አልመጣም።

እታለማሁ ልጇን ፀደይን አስከትላ ልትጠይቅ ሄደች። ፀደይ አንድ ልጃቸው ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ አባቷ ከመሞቱ በፊት በሬ ሸጦ ላፕቶፕ ገዝቶላት ነበር። ደርበው ግቡም አላላቸው። ደጁ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ፈረስ የወንድ ነው፣ ወንድሜ ወንድ ልጅ ቢኖረው ለሱ በሰጠሁ አለ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረና፣

"አንቺማ አባትሽ የገዛልሽ አለ አይደል? ኮምፒውተርሽን ጋልቢ" አላት።

አጥር ጥግ የቆሙት ሳቁ። ፀደይ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። እናትየዋ ግን አንድ እንባ አልወጣትም፤ ያንን ሳቅ በልቧ ቋጥራ ይዛ ገባች።

ላፕቶፑ አብሮት የመጣ ቦርሳ ነበረው፤ ስስ፣ ማንገቻው እንደ ገመድ ትከሻ የሚቆርጥ። የኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጥቅምት ገባ ብሎ አይተወንም። አንድ ቀን ፀደይ ከባጃጅ ስትወርድ ቦርሳው ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨና የላፕቶፑ ጠርዝ ተሰነጠቀ። እግዜር ሲያተርፍ መስታወቱ አልተነካም። እታለማሁ ስታየው በነጠላዋ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ባሏ በእጁ ገዝቶ የሰጠው የመጨረሻ ነገር እሱ ነዋ።

በገበያ ቀን ልጇን ይዛ ቦርሳ ልትመርጥ ወጣች። አመራረጧን ሰው ሁሉ ነው ያወራው። እጇን እስከ ክርኗ እያስገባች ታችኛውን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ከዚያ ላፕቶፑን አስከትታ ፀደይን ወዲያ ወዲህ ታስኬዳታለች። አንዱ መልኩ ያምራል፣ ታቹ ግን ወረቀት ነው፤ መሬት ሲቀመጥ ዕቃው ይመታል። አንዱ ስፖንጅ አለው፣ ዚፑ ግን ለዝናብ አፉን ከፍቷል። ሌላው ሁሉ ነገሩ ደህና ሆኖ ማንገቻው ቀጭን ነው። ባለሱቁ ቢሰለቸው፣

"እማማ፣ ቦርሳ እኮ ነው የሚገዙት፣ በቅሎ አይደለም" አላት።

እሷ አልተቆጣችም። ቦርሳውን መለሰችለት። ከዚያ ልጇን አየቻት።

"ጋልቢ አይደል ያለሽ? ኮርቻ ሳይጫን ይጋለባል እንዴ?"

ቤት ገብታ ግላሱን ከግድግዳው አወረደችው። ከኮርቻው ስር የሚነጠፈውን ወፍራም መደላድልና ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያስረውን ሰፊ ጠፍር ጨምራ ደረሰ የሚባል ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰደች። ደረሰ የሞተ ሰው ግላስ አልቆርጥም ብሎ መቀሱን አስቀመጠ። እሷ አነሳችውና የመጀመሪያውን ራሷ ቆረጠች። በዚያስ ቢሆን ይታጠብ እንጂ፣ ፈረስ ፈረስ ይሸታል ብሎ ለመናት። እንዳታጥበው አለችው፤ ያ ሽታ ዓለምነው ከመንገድ ሲገባ አብሮት የሚገባው ሽታ ነበር።

ቦርሳው አምሮ ወጣ። ጥልፉ ከውጭ፣ መደላድሉ ከውስጥ፣ ላፕቶፑ መሐል እንደ ሕፃን ተኝቶ፤ ጠፍሩ ትከሻ ላይ ሰፍቶ ሲያርፍ ክብደቱ አይታወቅም። ጓደኞቿ በቦርሳዋ ሽታ ሳቁባት፤ ፀደይ ግን አላወለቀችውም።

ጥር ደረሰ። የፈረሰኞች በዓል ሲቃረብ ደርበው በወንድሙ ፈረስ፣ በወንድሙ ቦታ፣ ከፊት ተሰልፎ ሊወጣ ተዘጋጀ። ግላሱ ብቻ ጎደለው። እንድትሰጠው እኔንና ሌሎች ሽማግሌዎችን ላከባት። እታለማሁ አክብራ አስቀምጣን እስክንጨርስ ሰማችን።

"አያ ወገኔ፣ እርስዎን አላሳፍርም" አለችኝ። "ግላሱ እቤት የለም። ሥራ ላይ ነው።"

ይህንኑ ነገርነው። ለሌላ ፈረሰኛ አውሳብኛለች ብሎ ፎከረና የሰው ግላስ ተውሶ ወጣ።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እናትና ልጅ ሴቶቹ ከተቀመጡበት አልሄዱም። ሰልፉ ከሚያልፍበት ገመድ ሥር ቆሙ፤ እናትየዋ በጥቁር ልብሷ፣ ፀደይ ቦርሳዋን አንግታ። ደርበው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ደረሰ። ፈረሱ ግን አጠገባቸው ሲደርስ ጆሮውን አቆመና ቀጥ አለ። አንገቱን በገመዱ ላይ አሳልፎ አፍንጫውን ከቦርሳው ለጠፈ። ደርበው በእርካብ ጎሸመው፤ አልሄደም። በአለንጋ መታው፤ ይባስ ብሎ ወደ ልጅቷ ተጠጋ። የኋላ ፈረሶች መጠራቀም ጀመሩ። ሰዉ ምን ነካው ብሎ ሲያይ ጥልፉን አየ። የዓለምነው ግላስ ነው የሚል ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው አለፈ።

"አንቺ፣ ያንን ቦርሳ ከፊቴ አርቂልኝ" አለ ደርበው ጥርሱን ነክሶ።

"ጋልቢ ብለውኝ ነው፣ ጋሼ" አለች ፀደይ።

ያን ጊዜ ደጁ ላይ ከሳቁት የበለጠ ሰው ሳቀ። የሰልፉ አለቃ ሽባባው ከኋላ መጣ፤ ፈረሱን አየ፣ ቦርሳውን አየ፣ መበለቲቱን አየ። ለደርበው አንድ ቃል ብቻ ነገረው።

"ውረድ።"

በማግስቱ ደርበው በእግሩ፣ ፈረሱን እየሳበ እታለማሁ ደጅ መጣ። እኔ አብሬው ነበርኩ፤ እርቅ ይወርዳል ብዬ። እሷ ግባ አላለችውም። ፈረሱን ተቀበለችና ልጓሙን በእጇ ፈታ ሰጠችው፤ ካንተ ቤት የመጣ ነገር እኔ ቤት አያድርም አለችው። ልጓሙን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ፀደይ አላስቻላትም፤ ውሃ ቀድታ ወጣች። እኔም ልቤ ራራ፣ ምን ልዋሻችሁ። እናትየዋ መንገዷ ላይ ቆመች።

"ለፈረሱ ነው ውሃው" አለች።

ልጅቷ እናቷንም አጎቷንም አየች። ከዚያ ውሃውን ለዳማው አቀረበችለት። ደርበው ፈረሱ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ አየው፤ ከዚያ ልጓሙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ገበያተኛው እያየው፣ በመሐል መንገድ ሄደ።