ሜሞሪ ወይስ ትልቅ ስክሪን

አምሐ አራዳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ኮምፒውተር፣ ጭነት እንደበዛበት አህያ መሀል መንገድ ላይ መቆም አብዝቷል። ያለው ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ ይበቃል፤ ወይ ኮምፒውተሩን ለሚያፈጥነው ሜሞሪ፣ ወይ ለትልቅ ስክሪን። አሁን የሚያቀናብረውን ሠርግ የደገሱት የሙሽራዋ አባት ደግሞ ፊልሙ ለእሑድ ካልደረሰ የታናሽ እኅቷን ሠርግ ለሌላ ባለ ካሜራ እንደሚሰጡ ምለዋል።

"ሜሞሪ ነዋ! ይኼ ምን ምክር ያሻዋል?" አለችው ሚስቱ ፀደንያ።

አምሐ ግን ሳያጣራ አይገዛም። ሥራው የት ላይ እንደሚጓተት ሲከታተል ዋለ። ኮምፒውተሩ የሚያስቆመው ጥቂት ነው፤ ዋናዎቹ አስቋሚዎች ከጀርባው ተደርድረው ፊልሙን የሚያዩት የሙሽራዋ አክስቶች ናቸው። በትንሿ ስክሪን ራሳቸውን ስለማያገኙ፣ "እስቲ መልሰው! እኔ የታለሁ?" እያሉ አንዱን ጭፈራ ደጋግመው ያስመልሱታል።

ስክሪኑን ገዛ። በማግስቱ ጭፈራው ከዳር እስከ ዳር ሲታይ "መልሰው" ያለች አንዲት አክስት አልተገኘችም። አምሐ ፀደንያን በኩራት አያት።

ፊልሙ የሠርጉ ምሳ ላይ ሲደርስ ትልቋ አክስት፣ እትዬ ለተ ማርያም፣ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አቁመው! ይቺ አጥንት የምትግጥ ሴት እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት፤ ሸጋ ሆነው ወጥተዋል።"

"ምን ሸጋ አለው! ቁረጠው!"

"እኔንም ቁረጠኝ፣ አፌ ተከፍቷል!" አለች ሁለተኛዋ።

"እኔንማ ከጭፈራው ጀምረህ አውጣኝ!" አለች ሦስተኛዋ።

ፊልሙ እሑድ ደረሰ። አባትየው እስከ መጨረሻው አይተው ወደ አምሐ ዞሩ።

"ምነው ልጄ፣ ያ ሁሉ ያበላሁት ሰው የት ገባ?"