የሽንኩርት ተራው ወለል

ክረምት በገባ ቁጥር የቢቸና ሽንኩርት ተራ ጭቃ ጫማ ያስወልቅ ነበር። ገዢው ከዳር ቆሞ በጣቱ ይጠቁማል፤ ሻጮቹ ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ይጠብቁታል። አንድ ቅዳሜ የአንዷን ሻጭ፣ የይርገዱን ሽንኩርት ጎርፍ ከነማዳበሪያው ጠርጎ ሲወስደው የተራው አንጋፋ እትዬ ማናለሽ፣ "በቃ፣ የሚያሠራልን ስንጠብቅ አረጀን። ራሳችን እንሥራው" አሉ።

ነገሩ እንደ ቀልድ ተጀምሮ ቁም ነገር ሆነ። ባለሱቆቹ ቆርቆሮ ገዙ፤ ገበሬዎቹ ባሕር ዛፍ ቆርጠው አመጡ፤ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡት መምህራን ሳይቀሩ እሑድ እሑድ ድንጋይ ተሸከሙ። ጣሪያው ቆመ። ወለሉ ግን እንቢ አለ። እንዳገኙ የደረደሩት ድንጋይ ዝናብ ሲጥል ተነቃቅሎ መሀሉ ላይ ኩሬ ተኛ። የከተማው ግንበኞች ደግሞ ሁሉም ሥራ ይዘዋል።

"ያንቺ ወንድም ግንበኛ አይደል እንዴ?" አሏት እትዬ ማናለሽ ይርገዱን።

ይርገዱ አቀረቀረች። ታላቅ ወንድሟ አለበል ሞጣ ውስጥ የታወቀ ግንበኛ ነው፤ ግን ከተኳረፉ ቆይተዋል። ለልጇ ክርስትና ሲመጣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ድግሱ ካለቀ በኋላ ደረሰ። በግርግሩ "እህል ቀመስህ ወይ?" ያለው ሰው አልነበረም። ጦሙን አድሮ በማለዳ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቢቸናን አልረገጠም።

"እሱ አይመጣም፣ እትዬ።"

"ጠይቀሽዋል?"

"አልጠየቅሁም።"

"ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ተነሽ፣ አብረን እንሄዳለን።"

ሞጣ ሲደርሱ አለበልን የድንጋይ አጥር ሲሠራ አገኙት። ለእትዬ ማናለሽ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። እህቱን ግን ሳያያት ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ይርገዱ መንገዱን ሁሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ጠፋት። "ጋሼ፣ ያን ቀን ሳትበላ ማደርህን የሰማሁት ከሄድህ በኋላ ነው" አለች። "አፍሬ ይቅርታ ሳልልህ ቀረሁ። ዛሬም ያመጣኝ የገበያው ድንጋይ ነው፤ አልዋሽህም።"

"ድንጋዩ ባይቸግርሽ አትመጪም ነበር ማለት ነው?"

"እንጃ። ምናልባት አልመጣም ነበር።"

እትዬ ማናለሽ ነገሩን ሊያለሳልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አለበል ከት ብሎ ሳቀ። "ድሮም ውሸት አትችይበትም። ለመሆኑ ውሃው ወዴት ነው የሚወርደው?"

"የትም አይወርድም። እዚያው ይተኛል።"

"መውረጃ ሳታበጁለት የት ይሂድ? በሉ፣ ይህን አጥር ልጨርስና እመጣለሁ።"

እንዳለውም መጣ። ድንጋዩን በሙሉ አስነቅሎ ሲባጎ ወጠረ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ግን አሸዋ አቀበሉ፣ ጠጠር አቀረቡ። ምሳ ሲደርስ ሁሉም ከየቤቱ ሳህን ይዞ ስለሚመጣ፣ አለበል የአንዷን በልቶ የሌላዋን መተው አልሆነለትም። ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ማለት አቅቶት ቆሞ ያዝዝ ጀመር።

አንድ ቀን ግን እህቱን ጠራትና መግቢያው አጠገብ ያለውን መደቧን አሳያት። ከተራው ሁሉ ገዢ የሚበዛበት ቦታ ነው።

"የውሃው መውረጃ እዚህ ላይ ነው የሚያልፈው።"

"ከዚህ ሁሉ መደብ የኔ ታየህ?"

"ዝቅ ያለው ይሄ ነው። ምን ላርግሽ?"

ይርገዱ ተቆጥታ ሄደች። ቤቷ ስትገላበጥ አድራ በማግስቱ ሚዛኗን አንስታ ከጣሪያው ሥር በስተጀርባ፣ ነጭ ሽንኩርት ከምትሸጠው ከአገሬ አጠገብ ተቀመጠች። ገዢ እዚህ ድረስ ይመጣልኛል ብላ አላሰበችም።

ወለሉ ባለቀ ቅዳሜ ገበያው ደርቶ ሳለ ዝናቡ ወረደ። ሻጮቹ በልማዳቸው ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ብድግ አሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ተቀመጡ። ውሃው በመውረጃው እየተንፎለፎለ ወጣ። የእህል ተራው ሰው፣ የከብት ተራው ሰው፣ ከነጃንጥላው ከነዱላው እየሮጠ ጣሪያው ሥር ገባና እስከ ጀርባ ድረስ ሞላው። ቆሞ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንለትም፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል።

ዝናቡ ሳያባራ የይርገዱ ማዳበሪያ ባዶ ሆነ። ለራት የሚሆን እንኳ አላስቀረችም።

"አገሬ፣ እስቲ ለወጥ የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ሽጭልኝ። ቀዩንም ከሆነች ጎረቤት እለምናለሁ" አለቻት።

"ለነጋዴ በውድ ነው የምንሸጠው" አለችና አገሬ በእፍኟ ዘግና ነጠላዋ ላይ ጣለችላት።