የሥነ ምግባር ኃላፊው ይቅርታ

ባሌን ጀሚልን የሥነ ምግባር ኃላፊ ሲያደርጉት ሆዴ አልወደደውም። ስንት ዓመት ትኬት ሲቆርጥለት ስሙን በቅጡ ጠርቶት የማያውቅ ባለ ድርጅቱ ወንዳፈረው (እኔ አቶም አልለውም!) ድንገት ኮት አሰፍቶለት «ጀሚል፣ አንተ የድርጅታችን ኅሊና ነህ» ይለዋል። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የማይወራበት ቢሮ አልነበረም። የሱም የቅጥቅጥ አውቶቡስ ድርጅት አንድ ጠዋት ሥልጠና ሰጠ፣ ኮፍያ አደለ፣ በቃ።

«ጀሚሎ፣ ይሄ ሰውዬ ሰላምታ እንኳ በነጻ አይሰጥም» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ረምላ፣ ሰው ሲያልፍለት አይጥምሽም» ብሎ ሳቀብኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንዱ ቅጥቅጥ አንጋጫ መውረጃው ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። ሹፌሩና ጵርስቅላ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ሞቱ። ጀሚል ቤት ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሹፌሩ ፍሬኑ መበላሸቱን ነግሮት፣ እሱም ለወንዳፈረው ነግሮት ነበር። ወንዳፈረው ግን «የገበያው ቀን ይለፍና ይሠራል» ነው ያለው።

«ይሄን ሲልህ ማን ሰማ?»

«ሁለታችን ብቻ ነበርን።»



በማግስቱ ወንዳፈረው ራሱ ስኳርና ዘይት አስይዞ ቤቴ ከች አለ። ቤታችንን ረግጦ አያውቅም እኮ!

«አንጋጫ ላለችው የሟቿ ነጋዴ እናት ሽማግሌ ልኬያለሁ» አለ። «በአገራችን ወግ አጥፊ ቆሞ ካልጠየቀ እርቅ አይወርድም። እኔም እመጣለሁ፣ ግን ደም ግፊቴ አያስቆመኝም። ድርጅቱን ወክሎ ጀሚል ይቁም።»

«አንጋጫ ድረስ የሚያስኬድ ደም ግፊት!» አልኩ። ጀሚል በዓይኑ ገሠጸኝ።

ሰውዬው እንደወጣ ያዝኩት። «እንዳትቆም! ነግሬሃለሁ፣ እንዳትቆም!»

«ልጇ የሞተችባት እናት ናት፣ ረምላ። አንድ ሰው እንኳ አጥፍተናል አይበላት?»

በቀጠሮው ቀን አብሬው አንጋጫ ሄድኩ።

እማማ ሙሉነሽ፣ የጵርስቅላ እናት፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወንዳፈረው ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተሸጉጧል። ጀሚል ብቻውን ቆመ።

«አጥፊው ማን ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ጀሚል ወንዳፈረውን አየው። ወንዳፈረው መሬት መሬት ያያል። እማማ ሙሉነሽ ይጠብቃሉ።

«እኔ ነኝ» አለ ጀሚል። «ይቅር ይበሉኝ።»

እናትየው ተነሥተው አንገቱን አቅፈው ሳሙት፤ አገሩ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን ለራሴ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ጀሚልን ፖሊስ ወሰደው። ወንዳፈረው ቃሉን ሲሰጥ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ድርጅቴ ሥልጠና ሰጥቷል፤ የሥነ ምግባር ኃላፊም መድቧል፤ ኃላፊው ደግሞ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን አምኗል። ድርጅቱ ምን አደረገ?» ሽማግሌዎቹም ሲጠየቁ የሰሙትን ተናገሩ። አይዋሹ ነገር፣ ሽማግሌ ናቸው።

እየበረርኩ እማማ ሙሉነሽ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ፍሬኑን፣ ወንዳፈረውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግማሹን እንኳ የሰሙኝ አልመሰለኝም። «ያን የመሰለ ልጅ ታሰረ? እኔው ራሴ መጥቼ አስፈታዋለሁ!» አሉ።

እውነትም መጡ። ዓቃቤ ሕጉ ፊት ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ልጄ፣ ፍቱልኝ። ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«እማማ፣ ከሱ ሌላ አጥፍቻለሁ ብሎ ይቅርታ የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«ማን አለ! እሱ ብቻ ነው እንጂ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የጀሚልን ደግነት መመስከራቸው ነው። «ሌላው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።»

ዓቃቤ ሕጉ «ጥፋቱን ያመነው እሱ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። አስፈረማቸው።

እማማ ሙሉነሽ ፊታቸው በርቶ ወደኔ ዞሩና እጄን ያዙኝ። «አይዞሽ፣ አሁን ይፈቱልሻል» አሉኝ።