ድስቱ ሲገለበጥ

የሚያውቀው ሁሉ «ጀሶ» ነው የሚለው። የሰው ሳሎን ጣሪያ ላይ በጀሶ አበባ፣ ሐረግ፣ ክብ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሲያወጣ ይውላል፤ ማታ ፀጉሩ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ይገባል። እሱ በሠራው ጣሪያ ሥር የተቀመጠ እንግዳ የቀረበለትን ትቶ ወደ ላይ አንጋጦ ነው የሚቀረው። እጁ እንዲህ የተባረከ ሰው ግን ኩሽና ሲገባ፣ እንጃ፣ እጁን ደጅ ጥሎ የሚገባ ይመስላል።

ሚስቱ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። እሷ በሕይወት ሳለች ምግቡን ትሠራለች፣ እሱ በልቶ ያመሰግናል፤ እንዲያ ነበር የሚኖሩት። አሁን ከልጁ ከሚጡ ጋር ሁለቱ ቀርተዋል። እራታቸው ዳቦ በሻይ ነው። ቀን ሲወጣላቸው ዳቦ በሻይ፣ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር። ሚጡ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን አጉረምርማ አታውቅም፤ አንጀቱን ይበልጥ የሚበላው ደግሞ ይሄ ዝምታዋ ነው።

የሚስቱ ታላቅ እህት አሉ፣ እትዬ የሚላቸው። ሙያቸው የተመሰከረለት፣ የሌላ ሰው ምግብ ቀምሰው «ጥሩ ነው» ሲሉ ተሰምተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ልጅቷን ለማየት በመጡ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያቺኑ ዳቦ አገኟት። መጨረሻ ላይ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ስማ ጀሶ» አሉት፣ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ። «ልጅ በዳቦ አታድግም። እኔ ቤት አልጋ አንጥፌላታለሁ። እሑድ ለምሳ እመጣለሁ። የሰው ምግብ ካገኘሁ አፌን ይዤ እመለሳለሁ። ዳቦ ካገኘሁ ግን ልጅቷን ይዤ ነው የምሄደው። ገብቶሃል?»

ምን ይበል? ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ተጣልቶ ይገላገል ነበር። ክፋታቸው ክፉ አለመሆናቸው ነው። ልጅቷን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያይዋት፤ ያሉትም እውነት ነው። «እሺ እትዬ» አለ። እሺ ብሎ ሳይጨርስ ምላሱን በቆረጣት ደስ ባለው።

በማግስቱ መሰላል ላይ ቆሞ ጣሪያ እየለሰነ አሰበ። ምንድነው የምችለው? ሩዝ መቀቀል እችላለሁ። ድንችና ካሮት መጥበስ እችላለሁ። የተፈጨ ሥጋ በሽንኩርት ማብሰል እችላለሁ። በቃ! እነዚህን በሦስት ሳህን ለያይቶ ቢያቀርብ እትዬ ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ሰማው፦ «ማን ታሞ ነው?» ይላሉ።

ዝቅ ብሎ የጀሶውን ባልዲ አየ። ይሄስ ምንድነው? ዱቄትና ውሃ። ሰው አንጋጦ የሚያየው ዱቄቱን ነው? አይደለም፣ ቅርጹን ነው። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ እንዴ!

«አገኘሁት!» ብሎ ሲጮህ ከመሰላሉ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ።

«ምኑን?» አለው ከታች ቀለም ቀቢው ደንግጦ።

«ምሳ!»

«ኧረ ተው፣ ገና ጠዋት ነው እኮ!»

የዚያን ዕለት ማታ ሙከራ ተጀመረ። ድንቹንና ካሮቱን በስሱ ክብ ክብ አድርጎ ቆርጦ ጠበሳቸው። ከዚያ ሰፊ ድስት አውጥቶ ታቹ ላይ ከመሃል ጀምሮ አንዱን ባንዱ ጫፍ ላይ እያነባበረ አበባ አድርጎ ደረደራቸው። ይሄ እንኳ የዕለት እንጀራው ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖም ይሠራዋል። የበሰለውን ሥጋ በላዩ አለበሰው፣ የተቀቀለውን ሩዝ እስከ አፉ ሞላበት፣ ጥቂት እሳት ላይ አቆየው። ሚጡ ትሪ ይዛ ቆማለች። ገና እንፋሎቱ ሲትጎለጎል ትሪውን ገጥሞ ገለበጠና ድስቱን አነሳው።

ጉድ ፈላ! ሩዙ ወዲያ፣ ሥጋው ወዲህ ተናደ። የአበባው ግማሽ ድስቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

ሚጡ ትሪውን አየች፣ አባቷን አየች። «አባዬ፣ ጣሪያው ወረደ!» አለችና ሳቅ አፈናት። እሱም ሳቀ። እናቷ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም ነበር። የወረደውን ጣሪያ ከነፍርስራሹ በማንኪያ ጠራርገው በሉት፤ ደግሞ ይጣፍጣል!

ድስቱን ሲፈገፍግ ግን ራሱን ሰደበ። «አንተ ደነዝ! የትኛውን ጀሶ ነው ሳይጠነክር ከቅርጽ ማውጫው ያወጣኸው? የትኛውን ነው ዘይት ሳትቀባ የሞላኸው?» እውነቱን ነው። ለሰው ጣሪያ የማይረሳውን ለገዛ ልጁ ምሳ ረሳው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

እሑድ ጠዋት ሽንኩርት እየላጠ ወደ መኝታ ቤት ብቅ ቢል፣ በሩ ጥግ የሚጡ ሻንጣ ቆሟል። ዚፑ አልተዘጋም። ልብሷ ተጣጥፎ፣ ከላይ የእናቷ ሻሽ ተቀምጦበታል።

«ይሄ ምንድነው ሚጡዬ?»

አቀረቀረች። «ምናልባት ካልሆነ ብዬ ነው አባዬ። አንተ በኋላ እንዳትቸገር።»

ወደ ኩሽና ተመልሶ በሽንኩርቱ አሳቦ እስኪወጣለት አለቀሰ። ሲጨርስ ፊቱን ታጠበ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የትልቅ ሰው አዳራሽ ጣሪያ እንደተሰጠው ሰው ሥራውን ጀመረ። ድስቱን ጥጉ ሳይቀር ዘይት ቀባው። አበባውን ደረደረ። ሥጋውን ካለበሰ በኋላ ሩዙን በማንኪያ ጀርባ ጠቀጠቀው፣ መሃሉ ባዶ ቦታ እንዳይቀር። እሳት ላይ አቆየው፤ አወረደው፤ ከደነው። ከዚያ በጣም የሚከብደውን ሥራ ሠራ፦ እጁን አጣምሮ ቁጭ አለ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፣ ሰዓታቸው ሳይደርስ። እጃቸው ላይ የተነባበረ ምሳ ዕቃ አለ፤ የተጠበሰ ዶሮ ሽታው ቀድሟቸው ገባ።

«ምናልባት ካልሆነ ብዬ ነው» አሉ። ሚጡና አባቷ ተያዩ።

እትዬ በቀጥታ ኩሽና ገቡ። «የታለ ምሳው?»

«እያረፈ ነው።»

«ምግብ ያርፋል እንዴ? ደከመው?» አሉና ክዳኑን ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱ።

«እትዬ፣ በእናትዎ አይንኩት!»

ድምፁን ከፍ አድርጎባቸው አያውቅም ነበር። እጃቸውን ሰበሰቡ። «እሺ፣ ሥራ ለሠሪው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ግን ከድስቱ ላይ አልነቀሉም። ለብቻው ገልብጦ፣ ከተበላሸም ለብቻው ሊያፍር ነበር ያሰበው። አሁን የት ይግባ?

ሲያርፍ ጠረጴዛው ላይ አወጣው። ትሪውን ገጠመ። «ባንድ ትንፋሽ» አለ ለራሱ፣ ገለበጠ። በማንኪያ ዙሪያውን ኳ ኳ አደረገው። ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች። ድስቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አነሳው።

ቆመ!

ጫፉ የተሳለ፣ ዙሪያው የተስተካከለ፣ ላዩ ላይ ወርቃማ ድንችና ብርቱካናማ ካሮት እየተፈራረቁ ያበቡበት፣ የሠርግ ኬክ የመሰለ ነገር ትሪው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከአበባው መሃል ግን አንዲት ድንች ጎድላለች፤ ድስቱ ላይ ቀርታለች። ጀሶ አልተደናገጠም። እንዲህ ያለ ስንት ቀዳዳ ሲደፍን ኖሯል! ድንቿን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ ቦታዋ ላይ አስቀመጣት፣ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ በጀርባው አለሰለሳት። የት እንደነበረች ፈልግ ቢባል ራሱም አያገኛትም።

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወይ ጉድ! ይሄን ማን ሠራው?»

«አባዬ!» አለች ሚጡ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ሲቆረጥ እንደ ኬክ ነበር የተቆረጠው፣ ሩዙ ነጭ፣ ሥጋው ቡናማ መስመር ሠርቶ። እትዬ ጎረሱ። አኘኩ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ልቡ ዝቅ አለ። እሳቸው ግን ባዶ ሳህናቸውን ወደሱ ገፉ። «ምን ታየኛለህ? ጨምርልኝ እንጂ!» እሰይ! ከእትዬ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ሚጡ ሦስት ጊዜ ጨመረች፤ አክስቷም እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይናቸው ቆጠሩላት፣ ፊታቸውም እየተፈታ ሄደ።

ተበልቶ ሲያበቃ እትዬ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱና መኝታ ቤቱ በር ላይ ሻንጣው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ያልተዘጋውን ዚፕ አዩ፣ የእህታቸውን ሻሽ አዩ።

«ሰው የሚያልፍበት ላይ ሻንጣ ምን ይሠራል? ጠልፎ ሊጥለኝ ነው?» አሉና አንስተው ይዘውት ገቡ። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ተሰማ። ልብሷን አንድ በአንድ ወደ ቦታው ሲመልሱ፣ ጀሶ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ያን ድምፅ ሰማ። ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ።

ዶሮው ለእራት እዚያው ቀረ። ምሳ ዕቃው ለእትዬ ባል የተቆረጠውን ይዞ ተመለሰ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሚጡ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዴት ነው ሳይፈርስ የወጣው?»

«የሚመጣው እሑድ ይምጡና ያያሉ እትዬ። ጨውን ግን እርስዎ ነዎት የሚያሳዩኝ።»

«አይ አንተ!» ብለው ትከሻውን መታ አደረጉትና እየሳቁ ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ሚጡ ተንደርድራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ!» አለች። «ጣሪያው አልወረደም!»