በእርሳስ የተያዘ ቀጠሮ

የቋሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ሁለት መጻፊያ አላት። ሰማያዊ እስክሪብቶ ለተፈጸመ ነገር፣ እርሳስ ለሚኒስትር። ደንቡን የወረሰችው ከእሷ በፊት በወንበሩ ላይ ከነበሩት ሽማግሌ ነው። ጡረታ የወጡ ዕለት የቀጠሮ መዝገቡን አስረክበዋት፣ «ሚኒስትር ቁጭ ብሎ ውሃ እስኪቀዳለት ድረስ በቀለም እንዳትጽፊ» አሏትና ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቃላቸውን አላጠፈችም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እርሳስ» ይሏታል። ትሰማለች፤ አትቀየምም።

በዚያ ዓመት የመዝገቡ አንድ ገጽ ሳስቶ ነበር። ስድስት ጊዜ ተጽፎበት ስድስት ጊዜ በላጲስ ስለተፋቀ፣ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ከኋላው ያለውን ጣት ያሳያል። የድልድዩ ገጽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ካለቀ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። አስፋልቱ ፈስሷል፣ መብራቱ ተተክሏል፣ በመግቢያው ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል። የቀረው ሚኒስትሩ መጥተው ሪባኑን መቁረጥ ብቻ ነው። ሚኒስትሩ ጊዜ አላገኙም። እስኪያገኙ ድረስ ሰው እንዳያልፍ ዘበኛ ቆሟል። የዘበኛው ቤት ከወንዙ ማዶ ስለሆነ፣ ወደ ሥራው የሚመጣው በታችኛው መንገድ ዞሮ ነው።

ነዋሪዎቹ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ አሰባስበው ለምክር ቤቱ አቤቱታ አስገቡ። ኮሚቴውም ሚኒስትሩ ቀርበው እንዲያስረዱ ወሰነ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የምክር ቤቱ ዓመት ከመዘጋቱ በፊት ሚኒስትሩ ራሳቸው ቀርበው ካልተሰሙ አቤቱታው ይወድቃል። በሚቀጥለው ዓመት ከመጀመሪያው ፊርማ ይጀመራል። ምክር ቤቱ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነበር።

ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባተኛዋ ፈራሚ የጸሐፊዋ እናት ናቸው። እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል አለ። ሐኪሙ በሳምንት ሁለቴ ካልታጠበ እግሩን እናጣዋለን ብሏል። ሐኪም ቤቱ ከደጃቸው ሆነው ሲያዩት ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፤ ግን ከድልድዩ ወዲያ ነው። በታችኛው መንገድ ሲዞሩ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ካለፈው ወር ጀምሮ ሴትዮዋ በሳምንት አንዴ ብቻ ይሄዳሉ። ስለ ድልድዩ ሲነሣ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሉና ወተቱን ሳይጠቅሱ ይተዉታል።

ጸሐፊዋ ይህን ዝምድና በጽሑፍ ለሰብሳቢው አሳውቃ ነበር። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እናት ያለው ሁሉ ከሥራ ገለል ይበል ካልን ማን ሊቀር ነው? ሥሪ። ብቻ ለዚህ አቤቱታ ከሌላው አንድ ስልክ አብልጠሽ እንዳትደውዪ።»

አላበለጠችም። ለአንድ አቤቱታ በሳምንት አንድ ስልክ፣ ሰኞ አራት ሰዓት። የዚያን ሰኞም በሰዓቱ ደወለች። ከወዲያ ያነሣው የሚኒስትሩ ፕሮግራም ያዥ ነው። አራት ዓመት በስልክ ሲነጋገሩ መልክ ለመልክ አይተዋወቁም።

«እህት ዓለም፣ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና፣ ወንድም ዓለም። ነገ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፣ እንደተባባልነው ነው?»

«እሱን ልነግርሽ ነበር። ነገ አይመቻቸውም። ሐሙስ እናድርገው።»

«ሐሙስስ ይመቻቸዋል?»

«ሐሙስን እስካሁን ማንም አልነካውም።»

«ባለፈውም እንዲህ ብለኸኝ ነበር።»

«ባለፈውም እውነቴን ነው። በኋላ ነኩት እንጂ።» ጉንጩን ያዝ አድርጎ የሚናገር ይመስላል። «ነገ እኔም የለሁም። መንጋጋዬን ልነቀል ነው። ሦስት ጊዜ አራዝሜዋለሁ።»

«አንተ ራስህ ሚኒስትር ይወጣሃል።»

የለውጡን ደብዳቤ ጽፋ ላከች፤ ለአባላቱም ነገ ስብሰባ እንደሌለ አስታወቀች። ከዚያ ማክሰኞን ፍቃ ሐሙስን ጻፈች። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ነበር።

ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ የበር ጥበቃው ደወለ። «ሚኒስትሩ መጥተዋል፤ ወደ ላይ እየወጡ ነው።»

«የትኛው ሚኒስትር?»

«የድልድዩ።»

እንዴት እንደመጡ የገባት በኋላ ነው። ፕሮግራም ያዡ የየሳምንቱን የቀጠሮ ደብዳቤዎች እንደ መጽሐፍ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ነገሩ ከመነሻው እንዲነበብ የመጀመሪያው ከላይ፣ አዲሱ ከታች። የእሱን ወንበር ለአንድ ቀን የያዘችው ተተኪ ግን እንደማንኛውም ሰው ከላይ ያለው አዲሱ ነው ብላ አሰበች። ከላይ ያለው ማክሰኞ ይላል። ሚኒስትሩን ማክሰኞ ላከቻቸው።

ሚኒስትሩ ገብተው ባዶውን አዳራሽ ተመለከቱ። ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ውሃ ቀዳችላቸው። እጇ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ተመለሰ፤ ሚኒስትር እንጂ ኮሚቴ አልነበረም።

«ሦስት ሰዓት ተባልኩ፤ ሦስት ሰዓት ነው። አባላቱ የት አሉ?»

«እየገቡ ነው፣ ክቡር ሚኒስትር።»

ውሸት አልነበረም፤ ሰብሳቢው ደረጃውን ሲወጡ ሳላቸው ይሰማል።

«አራት ከሩብ ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እሄዳለሁ» አሉ ሚኒስትሩና ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሰብሳቢውን በኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። ሁሉንም ሰምተው አገጫቸውን አሹ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሐሙስ ይቅረቡ በያቸው።»

«ሐሙስን እስካሁን ማንም አልነካውም፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

ሰብሳቢው ሠላሳ ዓመት በፖለቲካ ቆይተዋል። ነገሩ ገባቸው። «ከዘጠኙ አምስት ከተሟላን እንሰማቸዋለን። ከእኔ ሌላ አራት አምጪ።»

ከመሮጧ በፊት ቆማ ራሷን ጠየቀች። ለሌላ አቤቱታስ እንዲህ እሮጥ ነበር? ለዶሮ አርቢዎቹ አቤቱታ ዝናብ ውስጥ ሮጣ እንደነበር ትዝ አላት። ሮጠች።

የመጀመሪያውን ከምድር ቤቱ ፀጉር ቤት አወጣችው፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ሁለተኛዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ቀሰቀሰቻት። ሦስተኛው መኪናውን አስነሥቶ ነበር፤ ከፊቱ ቆመችበት። አራተኛ የሚሆን በሕንጻው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እሱም አኩራፊው ነው። ሰብሳቢው የመስኮቱን ወንበር ከወሰዱበት ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ ኮሚቴውን ረግጦት አያውቅም። ካንቲን ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ አገኘችው።

«ስብሰባ አለ፣ ክቡር አባል።»

«እኔ ከዚያ ኮሚቴ ወጥቻለሁ።»

«በወረቀት አልወጡም።»

«በልቤ ወጥቻለሁ።»

«የልብ መልቀቂያ መዝገብ ቤት አልደረሰንም።»

ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለአንቺ ነው። የመስኮቱስ ወንበር?»

«ይጠብቅዎታል» አለች። ሥልጣኑ አልነበራትም።

አዳራሹ ሲደርሱ ሰብሳቢው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን፣ መነጽራቸውንና ትራሳቸውን ሰብስበው አንድ ወንበር ተሻገሩ። ትራሱን ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም ነበር። አኩራፊው ተቀመጠ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ በረደውና መልሶ ዘጋው። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር።

«ድልድዩ ለምን አልተከፈተም?» ሲሉ ሰብሳቢው ጠየቁ።

ሚኒስትሩ ወደ ረዳታቸው ዞሩ። ረዳቱ ወደ ወረቀቱ ዞረ።

«አልተከፈተም እንዴ? ያለ እኔ አይከፈትም ያለው ማን ነው?»

ጸሐፊዋ ያለ ሚኒስትሩ እንዳይከፈት የሚያዘውን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥታ ፊታቸው አኖረችው። ሚኒስትሩ ከታች ያለውን ስም አነበቡ።

«ፊርማው የእኔ ነው» አሉ። አላፈሩም፣ አልተቆጡምም። «ቢሆንም ሪባኑን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ለፎቶግራፉ ቃል ገብቻለሁ።»

በዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። አኩራፊው ሰብሳቢውን ተቃወመ፤ ቀጥሎ ሚኒስትሩን ተቃወመ፤ ኮሚቴው ናፍቆት ኖሯል። በመጨረሻ ግማሽ ፊቱን የተላጨው አባል አንድ ሐሳብ አመጣና ሁሉም ተስማሙበት። ድልድዩ በሰባት ቀን ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፤ ሪባኑ ሳይቆረጥ ሚኒስትሩን ይጠብቅ። ሚኒስትሩ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ፈርመው፣ ሰዓታቸውን አስረው ወጡ።

ጸሐፊዋ ሐሙስን ፋቀችው። ማክሰኞን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈች። ቀለሙ የሳሳውን ወረቀት አልፎ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነጥብ ጣለ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ፕሮግራም ያዡ ነበር፤ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀውም።

«እህት ዓለም፣ አፈርኩብሽ። ሐሙስን ነኩት።»

«ግድ የለም። መጥተው ሄዱ።»

«እነማን?»

«ሚኒስትሩ።»

«ማን ፈቀደላቸው?» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ወደ እናቷ ስትሄድ የአውቶቡሱ ሾፌር ወደ ታችኛው መንገድ አልታጠፈም። ድልድዩ መግቢያ ላይ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ተተክለዋል። ሪባኑ ከጫፍ ጫፍ ታስሯል፤ የጭነት መኪና እንዳይነካው ከፍ ተደርጎ። አውቶቡሱ ከሥሩ አለፈ። ዘበኛው አሁን የሚጠብቀው ሪባኑን ነው።

እናቷ ከወዲያ ጫፍ፣ እግራቸው በአዲስ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ከሐኪም ቤት በእግራቸው መምጣታቸው ነው። በዚያ ሳምንት ቁስሉን ሲያሳጥቡ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር። ልጃቸውን ስመው ቀና አሉ።

«ያ የተሰቀለው ጨርቅ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ሚኒስትሩ መጥተው የሚቆርጡት ነው፣ እማዬ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

ጸሐፊዋ መዝገቡን አስታወሰች። ከዚያች የቀለም ነጥብ ቀጥሎ የሪባኑን ቀን ራሷ በእርሳስ ጽፋዋለች፤ ቀለል አድርጋ፣ ሳትጫን።

«ሐሙስ» አለች።

እናቷ ሪባኑን እንደገና አዩት። «እንግዲያስ ዘበኛው ንፋስ እንዳይወስደው አጥብቆ ይስቀለው» አሉና የልጃቸውን ክንድ ይዘው መንገድ ጀመሩ።