ሁለት ወርዋሪ በአምስት ተስፋ

ቡድኑ ሁለቱን ምርጥ ኳስ ወርዋሪዎቹን ለሌላ ከተማ አሳልፎ መስጠቱ በተሰማ ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዱዌን ፓውሎስኪ እንደ ወትሮው ሁለት ቋሊማና ሁለት ቢራ ይዞ ወደ መቀመጫው ወጣ። ኦርቪል ዴትማን ቀድሞት ተቀምጧል። ኦርቪል ሰማንያ ሦስት፣ ዱዌን ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚህ የቤዝቦል ሜዳ ጎን ለጎን መቀመጥ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፋቸው።

“ሰናፍጭ አብዝተህበታል?” አለ ኦርቪል።

“አብዝቻለሁ።”

“ጥሩ። ያው እንግዲህ ካልደርንና ቶሬልባን ሸጧቸው።”

ዱዌን ሊጎነጭ ያነሳውን ቢራ መልሶ አስቀመጠው። በዚህ ከተማ ስለ ቡድኑ ሲያወራ “ሸጡ” የሚል ሰው የለም። አናጢውም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ ዕድሜ ልኩን ኳስ ነክቶ የማያውቀውም “አሸነፍን”፣ “ተሸነፍን”፣ “ሸጥን”፣ “ገዛን” ነው የሚለው። ኦርቪል ራሱ አምና ልቡን ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ ዓይኑን ሲገልጥ ነርሷን መጀመሪያ የጠየቃት “ትናንት ስንት ለስንት ወጣን?” ብሎ ነበር። “ሸጧቸው” ያለ ሰው ግማሽ አካሉ ከበር ወጥቷል ማለት ነው።

የኦርቪል ጉልበት ላይ የሚቀጥለው ዓመት የመቀመጫ ማደሻ ወረቀት ነበር። የዛሬው ጨዋታ ሳያልቅ ተፈርሞ ለበር ጠባቂዎቹ ካልተሰጠ፣ መቀመጫው ስንት ዓመት ወረፋ ለጠበቀ ለአንዱ እንግዳ ይሰጣል። ኦርቪል አልፈረመበትም። ቋሊማውን አሳርፎበት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዱዌን ልውውጡን ከኦርቪል አብልጦ ጠልቶታል። ዜናውን የሰማው መኪና እየነዳ ነበር፤ ዳር ይዞ ቆሞ ሩብ ሰዓት ያህል መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። አሁን ግን ይህን ቢናገር ሽማግሌው መቼም አይፈርምም። ስለዚህ ዓይኑን በጨው አጥቦ መሟገት ጀመረ።

“ብልህ ልውውጥ ነው” አለ። “ካልደር ሠላሳ አራት ዓመት ሞላው፣ ክንዱ አልቋል። ቶሬልባም ቢሆን ከርሞ ውሉ ሲያልቅ ጥሎን መሄዱ አይቀርም። በነሱ ፋንታ አምስት ልጆች አገኘን። አምስት ተስፋ።”

ተስፋ ነው የሚሏቸው፣ ገና ያልበሰሉትን ተጫዋቾች። ሌላው ዓለም ተስፋን አይቆጥርም፤ እዚህ ግን ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ ከአንድ እስከ መቶ ደረጃ ይወጣለታል። ካልደርና ቶሬልባ የተለወጡት በአሥራ አንደኛው፣ በአርባ ስድስተኛውና ደረጃ ባልደረሳቸው ሦስት ተስፋዎች ነው።

“መቼ ነው የሚደርሱት?” አለ ኦርቪል።

“አዋቂዎቹ አራት ዓመት ይላሉ። ቢበዛ አምስት።”

ኦርቪል ቋሊማውን ገመጠ፣ በደንብ አኘከ፣ ዋጠ። “አምስት” አለ። “ሐኪሜ እንኳ አምስት ዓመት ሊሰጠኝ አይደፍርም።”

ከኋላቸው የምትቀመጠው በርኒስ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ናት። በወሬያቸው ካልገባች ጨዋታ ያየች አይመስላትም። “ላም አለኝ በሰማይ!” አለች።

“አንቺን ማን ጠየቀሽ?” አለ ዱዌን።

“ይኸን ሁሉ ዓመት ጆሮዬ ላይ ስትለፈልፉ እናንተን ማን ጠየቃችሁ?”

መሐል ሜዳ፣ ካልደር ይቆምባት በነበረችው የአፈር ጉብታ ላይ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ቆሞ ይወረውራል። የሚወረውረውን ሁሉ ይመቱበታል። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ኦርቪል ወደ ሰሌዳው ቀና አለ።

“ስድስት ነጥብ ተቆጠረባቸው።”

“ተቆጠረብን” አለ ዱዌን።

“ባቸው።”

“ኦርቪል፣ እባክህ።”

“ምን አጠፋሁ? ሰዎቹ የራሳቸውን ወርዋሪ የራሳቸውን ሰው አማክረው ሸጡ። ለእኔ የደወለልኝ አለ? ለአንተስ ደወሉልህ?”

ለዱዌንም ማንም አልደወለለትም። ስልኩን አውጥቶ ከአምስቱ ልጆች የአንዱን ፎቶ አሳየው። “ይኸን እይ። ኦስትራንደር ይባላል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ግራኝ ነው። ኳሱ መቺው ፊት ሲደርስ እንደ እርጥብ ሳሙና ሙልጭ ይላል አሉ።”

“አይተኸዋል?”

“አላየሁትም።”

“ማን አየው?”

“አዋቂዎቹ።”

“ፊቱ ላይ ብጉር አለበት” አለ ኦርቪልና ስልኩን መለሰለት።

በሰባተኛው ዙር መሐል፣ እንደ ልማዱ፣ ሕዝቡ ሁሉ እግሩን ለማፍታታትና አብሮ ለመዝፈን ተነሣ። ዱዌን ተነሣ፣ በርኒስ ተነሣች። ኦርቪል ቁጭ እንዳለ ነው። ጉልበቱን ታሞ በክራንች ይሄድ በነበረበት ዘመን እንኳ እየተንቀጠቀጠ ይነሣ የነበረ ሰው፣ ማደሻውን ወረቀት አንሥቶ የጣቶቹን ሰናፍጭ ጠረገበት። ዱዌን ያን ሲያይ ዘፈኑ ሳያልቅ ተቀመጠ።

“ስማኝ፣ ዋሽቼሃለሁ” አለው።

“ስለ ሳሙናው?”

“ስለ ሁሉም። ልውውጡ ቆሽቴን አሳርሮታል። ካልደርን የሸጠ እጁ ይቆረጥ። ቀኑን ሙሉ ተስፋ፣ ተስፋ ያልኩት አንተ እንድትፈርም ብዬ ነው። አንተ ከሌለህ እዚህ የሚቀመጠው ማን እንደሚሆን አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።”

ሕዝቡ ተቀመጠ፣ ጨዋታው ቀጠለ፣ ያው እንግዳ ወርዋሪ አንድ ሌላ ኳስ አስመታ። ሁለቱም አላዩትም።

“የግራኙ ነገርም ውሸት ነው?” አለ ኦርቪል በመጨረሻ።

“እሱስ እውነት ነው። ተስፋዎቹ የሚጫወቱበት ታናሽ ቡድን ጋ ልከውታል፣ ግሪን ፎርክ። ሐሙስ ቀን ይወረውራል።”

“ግሪን ፎርክ ሩቅ ነው?”

“በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።”

ኦርቪል ሰናፍጭ የነካውን ወረቀት አጣጥፎ አጣጥፎ ባዶው የቢራ ብርጭቆ ውስጥ ከተተው።

“ይኸን አልፈርምም” አለ። “ለከርሞ ቃል መግባት አልችልም፣ አንተም አትለምነኝ።”

ዱዌን ራሱን ነቀነቀ።

“ግን አስበው” አለ ኦርቪል፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል። “ልጁ እኛ ጋ እስኪደርስ አራት ዓመት ነው። እኛ እሱ ጋ ብንሄድ ሁለት ሰዓት።”

ዱዌን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀው።

“ቤትህ የት ነው?”