ቀዩ ጨርቅ ምን ይላል?

ልጄ ሄርሞን ዶክተር ናት ስል ሰው ወዲያው ወገቡን መዳሰስ ይጀምራል። የቻይና መንግሥት በፖስተር፣ በመፈክርና በሥዕል ሕዝቡን እንዴት እንደሚያናግር ነው የምታጠናው ስል ደግሞ፣ «ታዲያ ማተሚያ ቤት ልትከፍት ነው?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም። ቆቦ ላይ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ነው የምሸጠው፤ ፓምፕ ከተበላሸ ውሃ አይወጣም። መፈክር ሲበላሽ ምን ይቀራል?

የተማረችበት የቻይና ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ መምህር አድርጎ ቀጠራት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እኔ ግን እዚያው መቅረቷ ነው ብዬ ከፋኝ።

ልትሰናበተን ስትመጣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስገባ የሱቄ በር ላይ ቆማ ቀረች። ከበሩ በላይ ለፀሐይ መከላከያ የወጠርኩት ቀይ ጨርቅ አለ፤ የቻይና መንገድ ሠሪዎች ዋጃ አጠገብ የነበረውን ካምፓቸውን ሲያነሱ የገዛሁት ነው። በነጭ ቀለም የተጻፈ የቻይና ጽሑፍ አለበት።

«አቦይ! ይኼን ከየት አገኘኸው?» አለች፣ እኔን ሳትስም።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«አሁን አልነግርህም። መጀመሪያ ሰው ሲያየው ምን እንደሚመስለው ልጠይቅ። ከነገርኳችሁ መልሳችሁ ይበላሻል።»

ስልኳን መቅረጫ ላይ አድርጋ አላፊ አግዳሚውን ማስቆም ጀመረች። ጎረቤቴ ቆንጅት፣ «መግባት ክልክል ነው ይላላ! ቀይ ሌላ ምን ሊል?» አለች። ባለባጃጁ አንዷለም ሳቀባት። «ክልክል ለማለት ይኼን ያህል ይረዝማል? የሹም ስም ነው፣ ከነማዕረጉ።» ሄርሞን አትስቅም፣ አታርምም። «የቱን አይታችሁ ነው እንዲያ የመሰላችሁ?» ብቻ ትላለች።

እኔም ሳላስበው ነገሩ ሳበኝ። በየቀኑ ከሥሩ እየተቀመጥኩ ፊደሎቹን አስተውያቸው አላውቅም ነበር። አንጋጥጬ ሳይ አንዳንዱ ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

«እነዚህን የደገሟቸው ተሳስተው ነው?» አልኳት።

ፊቷ በራ። «አልተሳሳቱም! ይኼን እኮ ማንም አላየውም። በል አንተስ፣ ጠቅላላውን ስታየው ምን ይመስልሃል?»

«አንቺ እያወቅሽው እኔን ምን አስገመተኝ? ንገሪኝና ልረፍ።»

«መጀመሪያ አንተ።»

ግትርነቷ ከማንም አልመጣም፣ ከእኔው ነው። እዚያው ሱቁ በር ላይ ምሳ ቀረበ፤ እኔም አልገመትኩ፣ እሷም አልነገረችኝ። ስልኩ መካከላችን ተቀምጦ ይቀርጻል። በመጨረሻ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።

«እኔ ሳየው ልጄን የወሰደብኝ አገር ነው የሚታየኝ» አልኳት። «ምን ብለው እንዳስቀሩሽ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለዚህ ነው አንብቢልኝ የምልሽ።»

ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። መቅረጫውን አጠፋችው።

«ለሠራተኞቻቸው የሚሰቅሉት ነው፤ እዚያ በየግንባታው አለ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «‹በደስታ ወደ ሥራ ሂዱ፤ በሰላም ወደ ቤታችሁ ተመለሱ› ነው የሚለው። የተደገሙት ‹ደስታ› እና ‹ሰላም› የሚሉት ናቸው፤ ለማጥበቅ ነው።»

ቀና ብዬ ጨርቁን እንደገና አየሁት።

«እነሱም ወደ ቤትሽ ተመለሺ ካሉሽ ስሚያቸው እንጂ፣ ጓለይ፣ ልጄ» አልኳት።